«ልጁ አድጓል» የመጨረሻ መልስ አይደለም



የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር በየቀበሌው ሲለጠፍ ቆመው የሚያነቡ ብዙ ናቸው። ስሙን ያገኘ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስሙን ያጣውም «ምን ይደረግ፣ ዘንድሮም አልደረሰንም» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የዛሬው ርእሰ አንቀጻችን የሚመለከተው ይህን ሁለተኛውን ሰው ነው። በተለይም አካለ መጠን የደረሰ፣ ነገር ግን በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት ምክንያት ሠርቶ ማደር የማይችል ልጅ በቤታቸው ያለ ወላጆችን ይመለከታል። ለእነዚህ ወላጆች በቃል የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ልጁ እኮ አድጓል፤ ዕድሜው ለሥራ ደርሷል» ይባላሉ።

የእኛ አቋም አጭር ነው። ይህ መልስ ዕድሜን ቆጥሯል፣ አቅምን ግን አልመዘነም። ስለዚህ አቤት ሊባልበት ይገባል፤ አቤት የሚባልበትም መንገድ አለ። መንገዱን ማሳወቅና አብሮ መሄድ ደግሞ የጎረቤት ሥራ ነው።

በቅድሚያ ድጋፉ ምን እንደሆነ በግልጽ እንወቅ። በተለምዶ ሴፍቲኔት የምንለው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በአገራችን የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይዞ ነው። ከዚያ በፊት ዝናብ በጠፋ ቁጥር የእርዳታ ጥሪ ይደረግ ነበር፤ እህሉ ሲደርስም ብዙው ገበሬ በሬውን ሸጦ ጨርሶ ነበር። ፕሮግራሙ የታሰበው ይህን ለማስቀረት ነው። ከጉና ሥር እስከ በሽሎ ቆላ ያለው አገራችን መሬቱ ተዳፋት፣ አፈሩም የተሸረሸረ ስለሆነ ስማዳ፣ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት ፕሮግራሙ ከገባባቸው ወረዳዎች መካከል ናቸው። አምስተኛው ምዕራፍ የተጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። ምዕራፍ ሲለወጥ የተጠቃሚ ዝርዝርም እንደ አዲስ ስለሚታይ፣ በዚያን ጊዜ ስም ሊገባም ሆነ ሊወጣ እንደሚችል ልብ ማለት ያስፈልጋል።

የፕሮግራሙ ተጠቃሚዎች ሁለት ወገን ናቸው። ጉልበት ያለው ቤተሰብ እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠግናል፣ ችግኝ ይተክላል፤ ለአንድ ነፍስ በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰብበታል። ጉልበት የሌለው ቤተሰብ ግን ሳይሠራ ይቀበላል። ይኸውም ሌላ የሚሠራለት ሰው የሌለው ሽማግሌ፣ አሮጊት፣ አካል ጉዳተኛ፣ ሥር የሰደደ ሕመም የያዘው ማለት ነው። ቀጥታ ድጋፍ የሚባለው ይህ ነው። በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ ከተጀመረው ከአራተኛው ምዕራፍ ወዲህ፣ የሕዝብ ሥራው ክፍያ ለ6 ወር ሲሆን ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ለ12 ወር እንዲሆን ታቅዷል። ጉዳዩን የመከታተል ኃላፊነትም ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እንዲዞር ተደርጓል።

ታዲያ ስሕተቱ የሚገባው የት ላይ ነው? «ጉልበት» በሚለው ቃል ላይ ነው። መዝጋቢው የቤተሰቡን አባላት ሲጽፍ ዕድሜ ይጠይቃል። እናት 52፣ ልጅ 24 ይባላል። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ቤት ሁለት የደረሰ ሰው ያለው ጠንካራ ቤት ነው። ልጁ የሚጥል በሽታ ይኑረው፣ እግሮቹ ከልጅነቱ ጀምሮ የማይታዘዙለት ይሁን፣ ወይም የአእምሮ ዕድገቱ ውስን ይሁን፣ 24 የሚለው ቁጥር ይህን አይናገርም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጉዳት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቤተሰቡ «ሠሪ አለው» ተብሎ ከዝርዝሩ ጨርሶ መቅረቱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቤተሰቡ ይገባና ልጁ ከሠራተኛ ወገን መቆጠሩ ነው። ይህ ሁለተኛው የገባ ስለሚመስል ብዙም አቤት አይባልበትም፤ ሒሳቡን ግን እንይ። እናትና ልጅ ሁለት ነፍስ ስለሆኑ በወር 10 ቀን ይታሰብባቸዋል። ልጁ መውጣት ስለማይችል ወይ እናቲቱ የሁለቱን ትሠራለች፣ ወይ የልጁ ቀን ይቀራል። በእህል በሚከፈልበት ጊዜ ለአንድ ነፍስ በወር የሚታሰበው 15 ኪሎ ነበር። የልጁ ቀን ሲቀር 30 ኪሎ ይገባ የነበረው ቤት በ15 ኪሎ ይከርማል ማለት ነው። የሚበሉት ግን ያው ሁለቱ ናቸው። እናቲቱ የሁለቱንም ቀን ለመሸፈን ስትወጣ ልጁን የሚያነሳው፣ የሚያጥበው፣ እሳት ላይ እንዳይወድቅ የሚጠብቀው ማነው? ይህን የሚጠይቅ መስመር በመዝገቡ ላይ ባይኖርም በስብሰባው ላይ ግን ሊጠየቅ ይገባል።

«18 ዓመት ሞልቶታል» የሚለው ነገርም ቦታ ቦታውን መያዝ አለበት። 18 ዓመት መሙላት ሰው በራሱ ስም እንዲዋዋል፣ እንዲመርጥ፣ በሕግ ፊት እንዲቆም ያስችለዋል። ድንጋይ ለማንሳት ጉልበት አይሰጠውም። በሌላ አገርም ይህ ታስቦበታል። ለምሳሌ በአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ፣ ጉዳቱ 22 ዓመት ሳይሞላው የደረሰበት ልጅ ካደገም በኋላ በአባቱ ወይም በእናቱ መዋጮ አበል ሊያገኝ የሚችልበት ድንጋጌ አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ልጁ ቢያድግም ጉዳቱ አብሮት አድጓልና።

የእኛም ሕግ ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንን፣ ወላጅና አሳዳጊ የሌላቸውን ልጆች መርዳትና ማቋቋም እንዳለበት ይናገራል። «እስከ 18 ዓመት» የሚል ቃል ለጉዳተኞች አላስቀመጠም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትንም በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የስምምነቱ 28ኛ አንቀጽ ስለ በቂ ኑሮና ስለ ማኅበራዊ ጥበቃ የሚናገር ነው። «አቅሙ በፈቀደ መጠን» የሚለው ቃል መኖሩን አንክድም። የበጀት አለመኖር አንድ ምክንያት ነው፤ «ልጁ አድጓል» ግን ሌላ ምክንያት ነው። ሁለቱ ተቀላቅለው መቅረብ የለባቸውም። አመልካቹ የትኛው እንደሆነ የማወቅ መብት አለው።

አንድ ደፍረን የምንናገረው ነገር አለ። ጉዳተኛ ልጅን እቤት መደበቅ በአካባቢያችን ያለ ነገር ነው። አንዳንዱ ሐሜቱን ይፈራል፣ አንዳንዱ የእህቶቹ ትዳር ይበላሻል ብሎ ይሠጋል፣ አንዳንዱም በጸበሉ እስኪድን ድረስ ስሙ እንዳይነሳ ይፈልጋል። ውጤቱ ምንድን ነው? በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በመላ አገሪቱ አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተመዘገበው 805,492 ሰው ነው፤ ከ100 ሰው አንድ ብቻ እንደ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ በዓለም ላይ ከ100 ሰው 16ቱ ጉልህ የሆነ የአካል ጉዳት እንዳለባቸው ይገምታል። ይህን ያህል ልዩነት የመጣው የእኛ አገር ሰው ከሌላው ተለይቶ ጤነኛ ስለሆነ አይደለም። የአቆጣጠሩ ስልት ድርሻ አለው፤ የመደበቁም ድርሻ ቀላል አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን። ኮሚቴው አይቶት የማያውቀውን ልጅ ሊመዘግበው አይችልም።

ከዚህ ቀጥሎ የአቤቱታውን አካሄድ በተራ እናስቀምጣለን። ቆርጦ ማስቀመጥ የሚፈልግ ይገልብጠው።

አንደኛ፣ ምክንያቱን ይጠይቁ። ዝርዝሩ በሕዝብ ስብሰባ ሲነበብ ወይም ሲለጠፍ ስሙ የቀረበትን ምክንያት ስሙን ካወጣው ግብረ ኃይል መጠየቅ ነውር የለውም። ምክንያቱ ካልታወቀ መልስ ሊጻፍበት አይችልም።

ሁለተኛ፣ ሳይውል ሳያድር ለቀበሌው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ያመልክቱ። ይህ ኮሚቴ ስሙን ከመረጠው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ተለይቶ እንዲቋቋም የተደረገው የመረጠው ሰው ራሱ ዳኛ እንዳይሆን ነው። ዝርዝሩ ከጸና፣ ክፍያም ከተጀመረ በኋላ የሚመጣ አቤቱታ «ለከርሞ» የመባል ዕድሉ ሰፊ ነው። ዝም አይነቅዝም ሲባል ሰምተናል፤ በኪስ የቆየ ማመልከቻ ግን ይነቅዛል።

ሦስተኛ፣ የበሽታውን ስም ብቻ አይጻፉ፤ ልጁ ምን ማድረግ እንደማይችል ይጻፉ። «ልጄ ታማሚ ነው» ከማለት፣ «ልብሱን ራሱ አይለብስም፣ ውኃ መቅዳት አይችልም፣ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይወድቃል፣ ብቻውን ደጅ ከወጣ መንገዱን አያውቀውም» ማለት ይሻላል። በተለይ የሚጥል በሽታና የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ጤነኛ የሚመስሉበት ቀን አለ። ኮሚቴው በዚያ ቀን አይቶ «ይኸው ደኅና ነው» ሊል ይችላል። ስለዚህ የወደቀበትን፣ የታመመበትን ቀን በደብተር ላይ መጻፍ፣ መጻፍ ባይቻል የጎረቤት ተማሪ እንዲጽፍ ማድረግ በጣም ይረዳል።

አራተኛ፣ ማስረጃ ያያይዙ። የሕክምና ወረቀት ያለው ኮፒውን ያቅርብ። የሌለው ግን «ወረቀት የለኝምና ይቅርብኝ» አይበል። ልየታው የሚካሄደው ኅብረተሰቡ የሚያውቀውን መሠረት አድርጎ ስለሆነ የጎረቤት ምስክርነት ትልቅ ዋጋ አለው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤቱን ስለምታውቀው እሷን መጥራት ይቻላል። ልጁን በቃሬዛ ተሸክሞ ስብሰባ ማምጣት ግዴታ መሆን የለበትም፤ ኮሚቴው ቤት ድረስ መጥቶ እንዲያየው በማመልከቻው ላይ ይጠየቅ።

አምስተኛ፣ ኮፒ ያስቀሩ። የሰጡበትን ቀንና የተቀበለውን ሰው ስም ኮፒው ላይ ያጽፉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ክልላችን በገባበት ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ቢሮ ሲዘጋ፣ ሠራተኛም ሲለዋወጥ አይተናል። በእጅ ያለ ኮፒ ግን ሰው ቢለወጥም ይናገራል።

ማመልከቻው ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ቢባል ይበቃል፤

«እኔ … የምባል የ… ቀበሌ ነዋሪ ነኝ። ልጄ … ዕድሜው … ዓመት ሲሆን፣ ከ… ዓ.ም. ጀምሮ በ… ምክንያት ያለ ሰው እርዳታ መንቀሳቀስና መሥራት አይችልም። በየቀኑ የምንከባከበውም እኔ ነኝ። በ… ቀን በወጣው ዝርዝር ላይ ስማችን አልተገኘም፤ ምክንያቱም ‹ልጁ ለሥራ ደርሷል› የሚል መሆኑ በቃል ተነግሮኛል። ልጄ ሊሠራ እንደማይችል ጎረቤቶቼ … እና … ያውቃሉ። ኮሚቴው እነሱን ጠይቆ፣ ልጄንም ቤት መጥቶ አይቶ፣ ውሳኔውን እንዲያርምልኝ እጠይቃለሁ። የማይታረም ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።»

ከዚህ በታች ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ይደረግበታል። ልጁ መናገር የሚችል ከሆነ ደግሞ ራሱ ይናገር፤ ጉዳዩ የእሱ ነውና በእሱ ፊት ስለ እሱ እንደሌለ ሰው መነጋገር አይገባም።

ቀበሌው ላይ ካልተፈታ ነገሩ እዚያ አያበቃም። ጉዳዩ ወደ ቀበሌው ምክር ቤት፣ ከዚያም ወደ ወረዳው ሊቀርብ ይችላል። የወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ ክፍልም ቋሚ ቀጥታ ድጋፍን የሚመለከት ስለሆነ ግልባጩ ይድረሰው። ይህም ሁሉ ተሞክሮ መልስ ከጠፋ፣ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ ቅርንጫፉም ባሕር ዳር ይገኛል። ለዚህ ተቋም አቤቱታ ማቅረብ ክፍያ የለውም፣ በቃልም ይቀበላል፣ የቤተሰብ አባልም ስለ ተበዳዩ ሆኖ ማመልከት ይችላል። ባሕር ዳር ሩቅ መሆኑን እናውቃለን። ወደዚያ የሚሄድ ነጋዴ ወይም ተማሪ ግን ከየሰፈሩ አይጠፋም፤ ወረቀት ደግሞ ከባድ ሸክም አይደለም።

የአባቱ ወይም የእናቱ ጡረታ ጉዳይ ያለበት ሰው ይህን ከሴፍቲኔቱ ጋር አያምታታው። ሟች የመንግሥት ሠራተኛ ወይም የግል ድርጅት ሠራተኛ ከነበሩ፣ ለተተኪ ልጆች የሚሰጠው አበል በሌላ አዋጅ የሚመራ ሌላ በር ነው። እዚያ የሚጠየቀው የሕክምና ማስረጃና የዕድሜ ሁኔታም የተለየ ስለሆነ፣ በወሬ ከመወሰን ወደ ማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ሄዶ በሥራ ላይ ያለውን አዋጅ አስነብቦ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ብዙዎች በስብሰባ ላይ ዝም የሚሉት መንገዱን ስላላወቁ ብቻ አይደለም። ለየቀበሌው የሚመጣው ኮታ የተወሰነ ስለሆነ «የእሱ ስም ከገባ የማን ሊወጣ ነው?» የሚል ሥጋት አለ። ይህ ሥጋት መሠረት የለውም አንልም። የምትወጣዋ ምናልባት የቡና አጣጭ፣ የእድር አባል፣ የክርስትና እናት ልትሆን ትችላለች። ሰው ከጎረቤቱ ከሚጣላ ቢርበው የሚመርጥበት ጊዜ አለ፤ ይህም የአገራችን ጨዋነት ነው።

ይሁን እንጂ ሦስት ነገር ይታሰብበት። በመጀመሪያ፣ አቤቱታው በጎረቤት ላይ የሚቀርብ ክስ አይደለም። ማመልከቻው ላይ የማንም ሌላ ሰው ስም መጻፍ አያስፈልግም፤ «እገሌ አይገባውም» ማለትም አያስፈልግም። የራስን ቤት ሁኔታ ማስረዳት ብቻውን በቂ ነው። ሁለተኛ፣ ከሠራተኛ ወገን ወደ ቀጥታ ድጋፍ የሚዛወር ሰው ቀድሞም ዝርዝሩ ውስጥ ያለ ስለሆነ የሌላ ቤት ሰው ስም ስለወጣለት አይደለም የሚዛወረው። ሦስተኛ፣ ኮታው ማነሱ የሚታወቀው አቤቱታ ተጽፎ ሲቆጠር ነው። አንድም ማመልከቻ ያልደረሰው ወረዳ «ሕዝቤ ጎደለበት» ብሎ ለበላይ አካል ምን ይዞ ይከራከራል? በዝምታ የሚያልፍ ቤት በሪፖርት ላይ የጠገበ ቤት ይመስላል።

አቤት ያለ ሁሉ ይረታል ማለታችንም አይደለም። ነገር ግን የመጀመሪያው ውሳኔ ሁልጊዜ ትክክል እንዳልሆነ ከእኛ የበለጠ መዝገብና ሐኪም ያላቸው አገሮችም አይተውታል። በእንግሊዝ አገር የአካል ጉዳት ድጎማ ተከልክለው ጉዳያቸውን ችሎት ፊት ካስሰሙት ሰዎች መካከል ላለፉት በርካታ ዓመታት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተፈርዶላቸዋል። እነዚህ ሰዎች በመጀመሪያው ደብዳቤ ቢያበቁ ኖሮ የሚገባቸው ሳያገኙ በቀሩ ነበር። የእኛ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ችሎት ባይሆንም ሥራው ያው ነው፤ አንድ ጊዜ የታየውን ነገር ረጋ ብሎ እንደገና ማየት።

በዚሁ አጋጣሚ ለአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ አባላትም አንድ ቃል አለን። ሥራችሁ ደመወዝ የሌለው፣ ሐሜት ግን የማያጣው መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም ልጁን ሳታዩት «አድጓል» ብላችሁ አትፈርሙ። የማይቻል ከሆነም የማይቻልበትን ምክንያት ጽፋችሁ ስጡ። በምክንያት የተከለከለ ሰው ቢያዝንም ይረዳል፤ ያለ ምክንያት የተከለከለ ግን ቂም ይይዛል። ሳይታመም ታማሚ፣ ሳይደክም ደካማ መስሎ የሚቀርብ ሰው ካለም አጣሩ፤ ይህ ሰው የሚወስደው ከእውነተኛው ጉዳተኛ አፍ ነውና።

ማኅበራችን በበኩሉ የሚከተለውን ያቀርባል። ማመልከቻ መጻፍ የማይችል ወላጅ ወደ ማኅበሩ ቢመጣ የሚጽፍለት ሰው ያገኛል፤ ለወረቀትም ለጽሑፍም አይከፍልም። የእድር ዳኞችና ሽማግሌዎች የሚያውቁትን ለመመስከር ከወላጁ ጋር አብረው እንዲቀርቡ እንጠይቃለን። እናት ለአቤቱታ ስትሄድ ልጇን ለግማሽ ቀን የሚጠብቅላት ጎረቤት ያስፈልጋታል፤ ይህን ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ነገር ግን ያለዚህ እሷ ከደጇ መውጣት አትችልም። ዘመዶቻችሁ በገጠር ቀበሌዎች ያሉ ነዋሪዎችም ይህን ጽሑፍ ለእነሱ አንብቡላቸው፤ ከወገዳ ርቆ ያለው የቆላው ሰው ማስታወቂያ ሰሌዳችንን አያይምና።

ለወላጆች ደግሞ የምንለው ይህን ነው። ልጃችሁን አትደብቁት። ዕድሜውን ሲጠይቋችሁ ዕድሜውን ተናገሩ፤ ቀጥላችሁም ሳትጠየቁ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ተናገሩ። ዝርዝሩ ላይ ስሙ ከሌለ በዚያው ሳምንት ወደ ማኅበሩ ኑ። አቤት ማለት ልመና አይደለም፤ በሕግ አምላክ እያለ የኖረ ሕዝብ ይህን ያውቃል።